የጭንቀት ሕመም ዓይነቶችና የመምህሩ ድርሻ

ጭንቀት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከፈተና በፊት ተማሪን ለጥናት ያነሣሣል። ሕመም የሚባለው ከምክንያቱ በላይ ሲበረታ፣ ሲሰነብትና ትምህርትን ሲያሰናክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሕሙማኑን ቁጥር 301 ሚሊዮን ገምቶታል።

ዓይነቶቹ ይለያያሉ። አጠቃላይ ጭንቀት ያደረበት ተማሪ ስለ ውጤቱም፣ ስለ ቤተሰቡም፣ ስለ ነገውም ለወራት ይብሰለሰላል። ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም በደቂቃዎች ውስጥ ልብን ያስመታል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማኅበራዊ ፍርሃት ያለበት ሰሌዳ ፊት መቆምን ይሸሻል። የመለየት ጭንቀት የያዘው ሕፃን ከወላጁ መነጠልን ስለሚፈራ ጧት ጧት ሆዱን ያመዋል። በቤቱ እየተጫወተና ቋንቋውን እያወቀ፣ የመላመጃው የመጀመሪያ ወር ካለፈ በኋላም በክፍል ውስጥ ዝም የሚል ሕፃን አለ። ይህ ሕፃን እልኸኛ አይደለም፤ አንደበቱን ያሰረው ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ቅጣት ፍርሃቱን ያብሳል፤ ከመናገር ፈጽሞ ነጻ ማድረግም ሽሽትን ያለማምዳል። የሚበጀው በመጀመሪያ ለመምህሩ ብቻ፣ ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛው፣ በመጨረሻም ለክፍሉ እንዲናገር ደረጃ በደረጃ ማለማመድ ነው። ሕመሙን መርምሮ መወሰን የጤና ባለሙያው ተግባር ሲሆን፣ አስተውሎ በጊዜው ማመልከት የመምህሩ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውን መንገድ ማመቻቸት ደግሞ የዕቅድ አውጪው ድርሻ ነው።