አልጋ የማያስፈልገው እንግዳ

ላንጋኖ ወርዶ ጎጆ የሚይዝ ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቃል፤ አልጋውን፣ ምሳውን፣ የሐይቁን ንፋስ። ሴከንድ ላይፍ በሚባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ለእረፍት የሚገባው እንግዳ ግን አይርበውም፣ አይበርደውም፣ እንቅልፍም አያሸንፈውም። ዝናብ ቢያወርድበት ልብሱ አይርስም። ቢያሻው መሬቱን ለቆ ይበራል። ይህ ፍጡር የባሕር ዳርቻ ጎጆ ተከራይቶ በየሳምንቱ ሒሳብ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ እውነተኛ ነው።

ዓለሙን የሠራው ፊሊፕ ሮዝዴል እ.ኤ.አ. በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመሠረተው ሊንደን ላብ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2003 ነው። ሲያዩት ጌም ይመስላል። ነገር ግን የሚገደል ጠላት የለበትም፤ የሚቆጠር ነጥብም፣ የሚታለፍ ደረጃም የለም። ኩባንያው መሬት፣ ሰማይ፣ ውሃና የግንባታ መሣሪያ አቀረበ፤ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ጫማውን፣ የሹሩባውን ዓይነት ሳይቀር የሠሩት በአብዛኛው ነዋሪዎቹ ናቸው። ሰው የሚገባው አቫታር በሚባል ራሱን በሚወክል ምስል ነው፤ የሚገበያየውም በሊንደን ዶላር። 1 የአሜሪካ ዶላር 250 ገደማ ሊንደን ዶላር ያስገኛል። ቀኑ አጭር ነው፤ ፀሐይ 3 ሰዓት ታበራለች፣ ሌሊቱ በ1 ሰዓት ያልቃል። ይህ አጥጋቢ ያልመሰለው የሪዞርት ባለቤት ግን ፀሐይዋን ለመጥለቅ ስትል አቁሞ፣ ደሴቱን ዓመት ሙሉ በምሽት ወርቃማ ብርሃን ሊያቆየው ይችላል። ብዙዎችም ያደርጉታል።

መሬቱ የሚሸነሸነው 256 በ256 ሜትር፣ ማለትም 65,536 ካሬ ሜትር እየሆነ ነው። ከእያንዳንዱ ክልል ጀርባ ያለው የሰርቨር ጉልበት ስለሆነ መሬት መያዝ ማለት ኮምፒውተር መከራየት ነው። የአንድ ሙሉ የግል ደሴት ወርሃዊ ክፍያ ለዓመታት 295 ዶላር ነበር፤ በ2018 ወደ 249 ዝቅ ተደረገ። ሪዞርት የሚያቋቁም ሰው ወርሃዊውን ክፍያ ከፍሎ አሸዋ ያፈሳል፣ ዘንባባ ይተክላል፣ ጎጆዎቹን ያቆማል፣ ከዚያ ለእንግዶች በሳምንት ያከራያል። እንግዳው በሊንደን ዶላር ይከፍላል፣ አከራዩ መንዝሮ የኩባንያውን ድርሻ በአሜሪካ ዶላር ይሸፍናል። በዚህ ሥራ ሀብት ያፈሩ አሉ፤ በምናቡ ዓለም ውስጥ አንሺ ቹንግ በሚል ስም የምትታወቀው አይሊን ግሬፍ በ2006 የቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥታለች፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም የምናብ ንብረቷ ዋጋ 1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንዳለፈ አስታውቃለች። ሌላው አከራይ ወሩን ያለ ኪሳራ ከዘጋ ተመስገን የሚል ይመስለኛል።

እንግዳ ተቀባይ ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም። ጎጆው በር ላይ ትንሽ የኪራይ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ሲነኩት ዋጋውን፣ የቀረውን ቀንና የተፈቀደውን የዕቃ ብዛት ያሳያል። ሲከፍሉ የተከራዮች ቡድን አባል ይሆናሉ፤ የቡድኑ መለያ ከአቫታሩ ራስ በላይ ይንጠለጠላል። ዕቃ ማስቀመጥ የሚቻለው መለያው ካለ ነው። የኪራይ ትልቁ ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ጎጆው ስንት ካሬ ነው ከሚለው ይልቅ ስንት ፕሪም ይፈቅዳል የሚለው ይጠየቃል። ፕሪም ዕቃ ሰርቨሩ ላይ የሚያሳድረው ጫና የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ኩባንያው በሚያስተዳድረው ዋና ምድር 1,024 ካሬ ሜትር 351 ያህል ይይዛል። ቀላል ወንበር 1 ብቻ ሊወስድ ይችላል፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ የተቀረጸ ዛፍ ግን ሀያም ሠላሳም ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ተከራዩ ከዛፍና ከሶፋ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

አልጋው አለ። ሲነኩት ምናሌ ይከፈታል፤ ጋደም በል፣ መጽሐፍ አንብብ፣ ቡና ጠጣ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አንድ ባለሙያ ቀርጾ ሸጦታል። አቫታሩ ትራሱን ተደግፎ ሲያነብ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የዕለት ሥራውን ሊጨርስ ይችላል።

ታዲያ ለምን ይከፈላል? ወዳጅ ለማግኘት፣ የራስ የሚሉት ጥግ ለመያዝ፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉ በሚቻልበት ዓለም ውስጥ ዋጋ የሚያወጣው ክልከላ ነው። ድራጎን ሆኖ መብረር ለሚችል ሰው በኮት ተወስኖ በጠባብ መንገድ በእግር መሄድ ብርቅ ይሆንበታል። የሪዞርቱ ጭብጥ የሚሸጠውም ይህንኑ ነው።

በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ሁሉ የሚደንቀው የ1920ዎቹ በርሊን ነው። በምናቡ ዓለም ጆ ያርድሊ የምትባል፣ ታሪክ ወዳድ ኔዘርላንዳዊት በ2009 ጀመረችው። ዘንባባም ፀሐይም የለበትም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደቀቀች ከተማ ናት፤ ጥላሸት የለበሱ ሕንፃዎች፣ ጠባብ አፓርታማዎች፣ መሸታ ቤቶች። ጎብኚው የሚደርሰው ባቡር ጣቢያ ነው፤ እዚያ የዘመኑ ልብስ በነፃ ይሰጠዋል፣ የዛሬ ልብስ ለብሶ ወደ ከተማው መውጣት ግን አይፈቀድለትም። ልኬቱም ይለያል። በሴከንድ ላይፍ ካሜራው ከአቫታሩ ጀርባና ከራሱ በላይ ስለሚያንዣብብ ሰዉ ቤቱን አዳራሽ አድርጎ ይሠራል፣ ቁመቱንም ያረዝማል። በርሊን የተሠራችው በእውነተኛው ልክ ስለሆነ የገባው ዘለግ ያለ አቫታር በበሩ ቁመት ይሸማቀቃል። ሰዎች በዚህ ጥበት ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ ሥራ ይዘው፣ የሰፈሩን ወሬ እያወሩ ይኖራሉ። ለመዝናናት ወደ ድህነት መሄድ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ የሚያጓጓው ግን ድህነቱ ሳይሆን ሁሉም ለአንድ ታሪክ መታዘዙ ይመስለኛል።

በተቃራኒው የስታርውድን ሙከራ ማየት ይቻላል። ሸራተንን በሥሩ ያስተዳድር የነበረው ይህ የሆቴል ኩባንያ አሎፍት የተባለ አዲስ ሆቴሉን በቅድሚያ በ2006 ሴከንድ ላይፍ ውስጥ ገነባው፤ እውነተኛው አሎፍት የተከፈተው በ2008 ነው። ንድፉን ለጎብኚ ማሳየትና አስተያየት መቀበል ብልህ ሐሳብ ነበር። ሕንፃው አማረ፣ መዋኛው ተንጣለለ፤ እንግዳው ዞር ዞር ብሎ አይቶ ሲጨርስ ግን የሚያደርገው አጣ። ማን መሆን እንዳለበት የሚነግረው ስላልነበረ ማደሪያውም ትርጉም አልነበረውም። በ2007 ተዘጋ፤ ደሴቱም ቴኪንግ አይቲ ግሎባል ለተባለ የወጣቶች ድርጅት ተሰጠ።

ሊንደን ላብ ራሱ ከዚህ የተማረ ይመስላል። በ2019 ቤሊሴሪያ የሚባል አህጉር ከፈተ፤ ለአባላቱ ቤት ሲሰጥ ሰፈሩን በጭብጥ ከፋፈለው። የጀልባ ቤት ሰፈር፣ የቪክቶሪያ ዘመን ሰፈር፣ የካምፕ ተጎታች ሰፈር፣ የግንድ ቤት ሰፈር አለ። ግንበኞቹ በፍልፈል አቫታር የሚመጡ የኩባንያው ቅጥረኞች ናቸው። ጎረቤት የጀልባ ቤቱን አፍርሶ በቦታው ቤተ መንግሥት ማቆም አይችልም። ነዋሪዎቹ ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ የቢሮክራሲ ቢሮ አቋቁመው ፓስፖርት ይሰጣሉ፣ በየመንደሩም ማኅተም ይረገጥበታል። ድንበር በሌለበት ምድር ነው እንግዲህ፤ በአንድ ጠቅታ ቴሌፖርት አድርጎ የፈለገበት የሚደርስ ሰው ማኅተም ለመሰብሰብ ይዞራል። በወረፋ የተማረርን ሰዎች ይህን ስንሰማ መሳቃችን አይቀርም።

የሪዞርቱ ጠላት አውሎ ነፋስ አይደለም፤ ክፍያ ነው። በ2008 ኩባንያው ለባሕርና ለጫካ በርካሽ ያከራየው የነበረውን ክልል ከ75 ወደ 125 ዶላር ለማሳደግ ሲያስታውቅ፣ በዚያ ሒሳብ የተመሠረቱ ብዙ ደሴቶች ተናጉ፣ ተቃውሞም ተነሣ። ባለቤቱ መክፈል ካቆመ ደሴቱ ከካርታው ይነሣል። ተከራይ ጊዜው ሲያልፍበት ደግሞ አልጋውና ሥዕሉ ሁሉ ተጠቅልሎ ‹‹የጠፉና የተገኙ›› ወደሚባል የዕቃ ማኅደሩ ይመለስለታል። የሚሰበር ነገር የለም።

ይህ ዓለም የቅንጦት ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ኤምኤስ የተባለ የነርቭ ሕመም ያለባት አሊስ ክሩገር ቨርቹዋል አቢሊቲ የተሰኘ፣ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ድርጅት መሥርታለች። ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው ዳርቻው ላይ ሲራመድ፣ ምሽት ላይ ሲደንስ፣ ‹‹እውነተኛ አይደለም›› የሚለው ክርክር ለጤነኛ ሰው የቀለለውን ያህል አይቀልም።

መሞከር የፈለገ በነፃ ይመዘገባል። ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ምስሉ ሁሉ ከሰርቨር ስለሚወርድ ዳታ ይበላል፣ በሞባይል ፓኬጅ ለሚገባ ሰው ውዱ ነገር ከጎጆው ኪራይ ይልቅ ኢንተርኔቱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሁሉም ግራጫ ይሆናል፤ ራሱም ጭጋግ ሆኖ ይታያል፤ ምስሉ እስኪሞላ ይታገሥ። የበርሊንን ባቡር ጣቢያ ለማየት ገንዘብ አያስፈልግም። ሰው የሌለበት ቤት ሁሉ ግን ክፍት አይደለም። ብዙ ተከራይ የጥበቃ ስክሪፕት ይተክላል፤ የገባውን ሰው ስም ከዝርዝሩ ካጣ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ ጥቂት ሰከንዶች ይቆጥራል፣ ከዚያም ሶፋው ላይ ተቀምጦም ቢሆን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይወረውረዋል።