የመረጃ ዕድሜ፦ ከፋንታሲ እግር ኳስ የተወሰደ ምሳሌ



ስለ መረጃ ምዘና ለመናገር ምሳሌዬን ከባንክ ወይም ከጤና ዘርፍ አለመውሰዴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግቢያችን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተማሪው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ከልቡ የሚያሰላው ነገር ቢኖር የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ነው። እኔም ስታቲስቲክስ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ስሌት ያለበትን ጨዋታ አልንቅም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ተወዳዳሪው በ100 ሚሊዮን ምናባዊ ፓውንድ 15 ተጫዋቾችን ይገዛል፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይችልም። ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ በሚሠሩት ሥራ ነጥብ ያገኛሉ፤ ካፒቴን ያደረገው ተጫዋች ነጥብ በእጥፍ ይታሰባል። በየሳምንቱ አንድ ነፃ ዝውውር ይፈቀድለታል፤ ከተፈቀደው በላይ ለሚያደርገው ለእያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ወሬ ሰምቶ መቸኮል ዋጋው በቁጥር ይታወቃል። በሌላው የሕይወት ዘርፍ እንዲህ ያለ ግልጽ ሒሳብ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር አንድ ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። መቋረጡ ለወራት ቀጠለ። እርግጥ በዚያ ወቅት ከፋንታሲ እጅግ የከበደ ብዙ ነገር ተቋርጧል፤ ይህን ለአድማጮቼ መንገር አያስፈልገኝም። ለዛሬው ርእሳችን ግን ያ ወቅት አንድ ጥያቄ አስነሥቷል። ባለ ገመድ መስመር ያለበት ቦታ አግኝቶ በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚገባ ተወዳዳሪ፣ በዚያች ግማሽ ሰዓት ምን መፈለግ ይኖርበታል?

መልሴ፣ መረጃ ዕድሜ አለው የሚል ነው። የሰዓታት ዕድሜ ያለው አለ፤ የወራት ዕድሜ ያለውም አለ። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው ዕድሜው አጭር በሆነው ላይ ነው።

የኮል ፓልመርን ነገር እንመልከት። ወጣቱ ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ የተዛወረው ነሐሴ 26 ቀን 2015 ሲሆን፣ በፋንታሲ ዋጋው 5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። መስከረም 26 ቀን 2016 ቼልሲ በርንሊን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ከቼልሲ ግቦች አንዱን በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። ጎሉን ብዙ ሰው አይቷል። ቁም ነገሩ ግን ጎሉ አይደለም፤ ምቱን የመታው ማን መሆኑ ነው። ከ10 ፍጹም ቅጣት ምቶች ወደ 8 የሚጠጉት ይቆጠራሉ። አማካይ ተጫዋች ለግብ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ምቱን ካባከነ 2 ይቀነስበታል። ሒሳቡን ስንሠራ 0.8 በ5 ሲባዛ 4 ነው፤ ከዚያ ላይ 0.2 በ2 ተባዝቶ የሚገኘው 0.4 ሲቀነስ፣ አንድ ምት በአማካይ 3.6 ነጥብ ያወጣል። የቡድኑ መቺ ማን እንደሆነ ያወቀ ሰው፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ቢጠፋበት እንኳ ያ እውቀት በእጁ ይቆያል። ፓልመር የውድድር ዘመኑን በ22 ግቦች ጨረሰ፤ ከእነዚህም 9ኙ በፍጹም ቅጣት ምት የተቆጠሩ ነበሩ። በፋንታሲም 244 ነጥብ ሰብስቦ ከሁሉም ቀዳሚ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ የማስቀምጠው የሚጠበቅ ግብ የሚባለውን መለኪያ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ከተሞከረበት ቦታና ሁኔታ ተነሥቶ ወደ ግብነት የመለወጥ ዕድሉ ይሰላል፤ ከዚያም ይደመራል። አንድ አጥቂ በሦስት ጨዋታ 5 ግብ አስቆጥሮ የሚጠበቅ ግቡ 1.8 ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት በዚያው ፍጥነት እንደማይቀጥል መጠርጠር ተገቢ ነው። ክፍል ውስጥ ወደ አማካይ መመለስ እያልኩ የማስተምራችሁ ይኸው ነው። ሦስት ጨዋታ ትንሽ ናሙና መሆኑንም አትርሱ፤ የዚህ ዓይነቱን ድምር ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ጨዋታ ጠብቆ ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ።

የጨዋታ መርሐ ግብርም እንዲሁ ሳይበላሽ የሚቆይ መረጃ ነው። የዋንጫ ውድድሮች የሊጉን ጨዋታዎች እንደሚገፉ አስቀድሞ ይታወቃል። በመጋቢት 2016 በ29ኛው ሳምንት፣ በኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ምክንያት፣ ከተለመዱት 10 ጨዋታዎች የተካሄዱት 4 ብቻ ነበሩ። ይህን ቀደም ብሎ በወረቀት የመዘገበ ሰው በዚያ ሳምንት ባዶ ቡድን ይዞ አልቀረም።

የጉዳት ዜና ከሁሉ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ኤርሊንግ ሃላንድ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር 22 ቀን 2016 በእግሩ ጉዳት ምክንያት የሊግ ጨዋታ አላደረገም። አሰልጣኝ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ «እናያለን» ሲል፣ ይህ ለተቃራኒ ቡድንም የሚነገር ቃል ነውና ብዙ አይመዝንም። መስመሩ የሚያስተማምን ካልሆነ፣ የሚጫወት ተጠባባቂ መያዝ ዜና ከማሳደድ ይበልጣል።

አንድ ሰው ሊያነሣ የሚችለው ተቃውሞ አለ፤ ይህ ሁሉ መረጃ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ጥቅሙ የት ላይ ነው? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚሳተፍበት ውድድር አብዛኛው ሰው የያዘው ተጫዋች ግብ ቢያስቆጥር፣ እናንተም ይዛችሁት ከሆነ፣ ከሌላው አትበልጡም። ነገር ግን የእናንተ ፉክክር ከዓለም ጋር ሳይሆን ከዶርም ጓደኞቻችሁ ጋር ነው። የሳምንቱ የዝውውር ሰዓት ካለፈ በኋላ የተፎካካሪዎቻችሁ ቡድን በግልጽ ይታያል፤ ማን ካፒቴን እንዳደረጉና ልዩ ዕድሎቻቸውን መቼ እንደተጠቀሙም ይታወቃል። ለአሥር ሰው ሊግ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። የምትመሩ ከሆነ የተከታያችሁን ዋና ተጫዋቾች ያዙ፤ ከኋላ ያላችሁ ደግሞ እርሱ ያልያዘውን ፈልጉ።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላክል። የዝውውሩ በር የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት ነው። በእንግሊዝ አቆጣጠር ቅዳሜ 12፡30 ለሚጀመር ጨዋታ፣ እዚህ ደሴ በሩ የሚዘጋው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እንግሊዞች በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ በማርች መጨረሻ ደግሞ እንደገና ወደ 7 ሰዓት ይመለሳል። የእኛ ሰዓት አይለወጥም። እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።