ፊደሉ ለምን ደበዘዘ? ላፕቶፕን ከሞኒተር ጋር ስናገናኝ

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ወረታን ካለፍን በኋላ ሐሙሲትን እናገኛለን። በአንድ የገበያ ቀን በዚያች ከተማ ወደሚገኝ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብለን ነበር። ጸሐፊዋ ለዓይኗ እንዲመቻት ላፕቶፗን ከባለ 24 ኢንች ሞኒተር ጋር አገናኝታለች፤ ፊደሉ ግን ተለቅ ቢልም በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታይ ነበር። ዓይኗ የደከመ መስሏት መነጽር ለመግዛት አስባለች።

ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ጌጤ» የሴት፣ «ጌጡ» የወንድ ስም ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ከእግር ሥር ያለች ቀለበት ወይም ከወገብ የወጣች ሰረዝ ብቻ ናት። ስም የተሳሳተበት ማመልከቻ ደግሞ ባለጉዳዩን ለሌላ ቀን መንገድ ይዳርጋል።

ፒክስል አይቆረስም

የሞኒተር ስክሪን ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሠራ ነው። የጸሐፊዋ ሞኒተር በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ፒክስሎች አሉት፤ የእያንዳንዱም ስፋት 0.28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጤነኛ ዓይን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ነጥቦችን መለየት ስለሚችል፣ በፒክስሎቹ ላይ የሚፈጠር መዛባት አይሰወረውም።

ላፕቶፑ ግን 1366 በ768 ፒክስሎች ብቻ ነበሩት። አንዱን ምስል በሁለቱም ስክሪኖች ላይ እንዲያሳይ ታዝዞ ስለነበር ለትልቁም የላከው ይህንኑ ነው። 1366ቱ ወደ 1920 ሲለጠጡ አንዱ የምስል ነጥብ 1.4 የሚያህል የሞኒተር ፒክስል መሸፈን ይኖርበታል። ፒክስል ደግሞ አይቆረስም፤ ስለሆነም ሞኒተሩ ትርፉን በግራጫ ቀለም ያካፍለዋል። የፊደሉ ጠርዝ የሚደበዝዘው፣ የ«ጤ» ቀለበትም የሚደፈነው ከዚህ የተነሣ ነው። በመጠን 11 የተጻፈ ፊደል በተለመደው ቅንብር የሚያገኘው ከፍታ 15 ፒክስል ያህል በመሆኑ፣ ለቀለበቷ የሚደርሳት ጥቂት ብቻ ነው።

መፍትሔው

በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«ፒ» ጋር አብሮ በመጫን ሁለቱን ስክሪኖች ለየብቻ የሚያሠራውን፣ ወይም ሁለተኛውን ብቻ የሚያበራውን ምርጫ ይውሰድ። ቀጥሎም የሞኒተሩን ሪዞሉሽን ከራሱ የፒክስል ቁጥር ጋር ያስተካክል፤ በምሳሌያችን 1920 በ1080 ማለት ነው።

ጽሑፉ ቢያንስብን ሪዞሉሽኑን መቀነስ ስሕተት ነው። ይልቁንስ የማጉያውን ልክ ወደ 125 በመቶ ከፍ እናድርግ። ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው በመሥመሮችና በኩርባዎች ስሌት ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ሲጎላ አይለጠጥም፤ በአዲሱ መጠን እንደገና ይሣላል እንጂ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ተዘግተው እስኪከፈቱ ድረስ ሊደበዝዙ ይችላሉ።

የኬብሉ ነገር

በአሮጌው የቪጂኤ ኬብል ምስሉ የሚጓዘው ከፍና ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲላክ ለአንድ ፒክስል የሚደርሰው ጊዜ 6.7 ናኖ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሞኒተሩ ቮልቴጁን ሲለካ ከዚህች ቅጽበት ጥቂት ቢያዛንፍ የጎረቤት ፒክስልን ቀለም ይቀላቅላል። እንዲህ ሲሆን በሞኒተሩ ላይ ያለውን ራስ ሰር ማስተካከያ መጫን ይረዳል። ኤችዲኤምአይ ምስሉን በዲጂታል ስለሚያስተላልፍ ይህ ችግር የለበትም። ሆኖም ቴሌቪዥንን በሞኒተር ፋንታ የምንጠቀም ከሆነ፣ ጠርዙን ቆርጦ ምስሉን የሚያጎላውን ቅንብር ማጥፋት ይገባናል።

በሐሙሲቱ ጽሕፈት ቤት የተለወጠው የስክሪኖቹ ምርጫና ሪዞሉሽኑ ብቻ ነበር፤ ፊደሉም ወዲያውኑ ጠራ። ስለዚህ ለመነጽርም ሆነ ለአዲስ ሞኒተር ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ቅንብሩንና ኬብሉን እንመርምር። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ጽሑፉ ከደበዘዘብን፣ ያን ጊዜ የዓይን ሐኪም ማማከር ተገቢ ይሆናል።