ቀፎ የሌላት ንብ

ንብ ሲባል ወዲያው የሚታየን ቀፎና አውራ፣ ሰምና ማር ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ካሉት የንብ ዓይነቶች አብዛኞቹ ቀፎም አውራም የላቸውም፤ እያንዳንዷ እናት ቤቷን ራሷ ትሠራለች፤ ለልጆቿም ስንቅ የምታዘጋጀው ለብቻዋ ነው። ዛሬ ከነዚህ መካከል በአሜሪካ ምድር የምትገኘውን፣ ሊቃውንት «ሊቱርጎፕሲስ» ያሏትን ወገን ለአንባቢዎቻችን እናስተዋውቃለን።

ስሟ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ድንጋይ ጠራቢ መሳይ» ማለት ነው፤ ዳሩ ግን የምትቦረቡረው እንጨት እንጂ ድንጋይ አይደለም። በደረቀና መበስበስ በጀመረ ግንድ ውስጥ በመንጋጋዋ እየቆፈረች መተላለፊያ ታወጣለች። ብዙዎቹ ዘመዶቿ ጎጇቸውን በቅጠል ወይም በጭቃ ሲለብጡ፣ ለእርሷ የእንጨቱ ግድግዳ ይበቃታል። በዚያም ስንቅ አኑራ እንቁላሏን ትጥላለች።

ስንቁ ከየት ይመጣል? ከበለስ አበባ ነው። በለስ ስንልም ባለ እሾሁን፣ በትግራይ ኮረብታዎች ፍሬው የሚለቀመውን ማለታችን ነው። እርሱም የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ የአገራችን ረጅሙ ቁልቋል ግን ቢመስለውም ዘመዱ አይደለም። የበለስ አበባ አንድ ጊዜ ከፈካ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ንቧ ገብታ ስትነካካው የአበባውን ዱቄት ያዘሉት ክሮች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ እርሷም ዱቄቱን በሆዷ ሥር ባለው ጠጕር ተሸክማ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች።

ነገር ግን ኑሮን በአንድ ተክል ላይ መጣል አደጋ አለው። በደቡብ አሜሪካ «ካክቶብላስቲስ» የተባለ የእሳት እራት አለ፤ ትሉ የበለስን ገላ ከውስጥ ይበላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. አውስትራሊያ መሬቷን የወረረውን በለስ እንዲያጠፋላት ይህንኑ የእሳት እራት አስመጥታ ለቀቀች፤ ድሉም ዝነኛ ሆነ። በ1957 ለዚሁ ተግባር በካሪብያን ባሕር ወዳለችው ወደ ኔቪስ ደሴት ተወሰደ። በ1989 ግን ማንም ሳይፈልገው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ተገኘ። በዚያ አገር በለስ የምድሩ ተወላጅ እንጂ መጤ አረም አይደለም፤ «ሊቱርጎፕሲስ ጊቦሳ» የተባለችው ንብም የምትኖረው በዚያው ነው።

እንግዲህ በአንድ አገር የተመሰገነ መፍትሔ በሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል። አረም ይጥፋ ብሎ የሚፈርም ሰው፣ ከዚያ ተክል ማን እንደሚመገብ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን። ንቧ መጥታ አቤት አትልምና።