ጀርም ያልበቀለበት ክብ

ከመዳፍ የማይበልጥ ክብ የላስቲክ ሳህን ነው። ውስጡ ገለባ የመሰለ ቀለም ያለው፣ እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ምግብ ተዘርግቶበታል። በላዩ ላይ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ነጫጭ የወረቀት ዲስኮች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ዲስክ አንድ መድኃኒት ይዟል። ማታ ማሞቂያ ውስጥ የገባው ሳህን ጠዋት ሲወጣ ገጹ በስስ ግራጫ ምንጣፍ ተሸፍኗል። በአንዳንዶቹ ዲስኮች ዙሪያ ግን ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። በሌሎቹ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ ተጠግቶ በቅሏል። በሽተኛውን ያሳመመው ጀርም የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራና የትኛውን እንደለመደው ሳህኑ በግልጽ ያሳያል።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህን ምርመራ «ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ» ይሉታል። በሕክምናችን ውስጥ ያለው ዋጋ ትልቅ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ማይክሮስኮፕ የማይለየው

ጤና ጣቢያ ሄደን «ሰገራ ተመርመር» ስንባል የሚደረግልን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምርመራ ነው። ጥቂት ሰገራ ከጨው ውኃ ጋር ተደባልቆ ስላይድ ላይ ይደረግና በማይክሮስኮፕ ይታያል። አሜባን፣ ጃርዲያንና የወስፋትን እንቁላል ለማግኘት ይህ ጥሩና ፈጣን ዘዴ ነው። ባክቴሪያን ግን አይለይም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም፣ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱም ቀጫጭን በትሮች ናቸው። ማን ነዋሪ፣ ማን ወራሪ እንደሆነ ለማወቅ አብቅሎ መፈተን ያስፈልጋል።

የታይፎይድ ነገርም ትኩረት ይሻል። «ታይፎይድ ተገኘብህ» የሚለው የተለመደ ውጤት በብዛት የሚመጣው ዊዳል ከተባለው የደም ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ምርመራ የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት በጀርሙ ላይ ያመረተውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ደግሞ ከበሽታው በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል፤ በሌላ ጀርም ምክንያት ሊታይም ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል በቀላሉ ያሳስታል። ታይፎይድን አረጋግጦ ለማግኘት የተሻለው መንገድ የደም ካልቸር ነው።

ከኩባያው እስከ ሳህኑ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሰገራ በኩባያ ይዞ ወረፋ መጠበቅ ብዙ ሰው ያሳፍራል፤ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ግን ከዚያ ኩባያ ነው። ናሙናው ሽንት ወይም ውኃ ሳይቀላቀልበት፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር መሰጠትና በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በተለይ ሺጌላ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ናሙናው ጀርሙን በሕይወት በሚያቆይ ልዩ ማጓጓዣ ውስጥ ይገባል።

በመጀመሪያው ቀን ናሙናው የተለያየ ምግብ ባላቸው ሳህኖች ላይ ይዘራል። በማግስቱ ቀለሙ ፍንጭ ይሰጣል። ማኮንኪ በተባለው ሳህን ላይ ኢ. ኮላይ የወተትን ስኳር ስለሚያብላላ ሮዝ ይሆናል፤ ሺጌላና ሳልሞኔላ (የታይፎይድ ጀርም ወገን) ግን ቀለም አያወጡም። በሌላ ሳህን ላይ ሳልሞኔላ ቀይ ሆኖ መሐሉ ይጠቁራል። የተጠረጠረው ተለይቶ ለብቻው ይበቅላል፣ በኬሚካል ይፈተናል፣ በጀርሙ ላይ የሚሠራ መከላከያ ከያዘ ሴረም ጋር ይገናኛል። ዘሩ የተጠረጠረው ከሆነ ጠብታው እንደ ተበጠሰ ወተት ይቋጠራል።

የዲስኩ ፈተና ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ባክቴሪያው በጨው ውኃ ይበጠበጣል፤ ድፍርስነቱ ከመለኪያው ቱቦ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይህም በአንድ ሚሊሊትር ወደ 150 ሚሊዮን ባክቴሪያ ማለት ነው። ከበዛ ክቡ ይጠብና የሚሠራው መድኃኒት የማይሠራ ይመስላል። ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ከቆየ በኋላ ክቡ በማስመሪያ ይለካል። ለምሳሌ ሳልሞኔላ በሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ ዙሪያ 31 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ክብ ካሳየ መድኃኒቱ ይሠራል፤ 20 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጀርሙ ተላምዷል። ጠባዩ የታወቀ አንድ የኢ. ኮላይ ዘር በየጊዜው አብሮ ይፈተናል፤ የእርሱ ክብ ከተፈቀደው ልክ ከወጣ የበሽተኞቹ ውጤት ታምኖ አይወጣም።

ሳህኑ ብቻውን የማይመልሰውም አለ። ጄንታማይሲን በሳልሞኔላ ላይ ሰፊ ክብ ሊያሳይ ይችላል፤ በበሽተኛው ላይ ግን አይሠራም፤ ጀርሙ በሰውነት ሴሎች ውስጥ ስለሚደበቅና መድኃኒቱ በሚገባ ስለማይደርስበት። ጥሩ ባለሙያ ይህን ውጤት ለሐኪሙ አይጽፍም።

ጀርሞች የሚዋዋሱት

ኪዮሺ ሺጋ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም ሺጌላን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነበር። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ሺጌላ ታየ። ተመራማሪዎች መድኃኒት የለመደ ኢ. ኮላይንና ያልለመደ ሺጌላን አንድ ላይ ሲያበቅሉ ሺጌላው ችሎታውን ከኢ. ኮላይ ወሰደ። ባክቴሪያ ይህን ችሎታ ከራሱ ወላጅ ብቻ አይወርስም፤ ከጎረቤቱም ይዋሳል። ለጉንፋን ብለን ያለ አግባብ የዋጥነው አንቲባዮቲክ ሆዳችን ውስጥ ያሉትን ሰላማዊ ባክቴሪያዎች መላመድ ያስተምራቸዋል፤ እነርሱም ነገ ለሚመጣው ወራሪ ያበድሩታል።

አንድ ውጤት፣ ብዙ ሰው

የአንድ ሰው ውጤት ለአንድ ሰው ሕክምና ነው። የሺህ ሰዎች ውጤት ሲደመር የአገር ካርታ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓኪስታን ሲንድ ግዛት፣ ሃይደራባድ ከተማ፣ አምስት የመድኃኒት ወገኖችን የሚቋቋም ታይፎይድ ተነሣ። የታወቀው የደም ካልቸር የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ስለነበሩ ነው። በአፍ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች አዚትሮማይሲን እንደቀረ ለሐኪሞች ሊነገር ቻለ። ፓኪስታንም እ.ኤ.አ. በ2019 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ በማስገባት ከዓለም ቀዳሚዋ ሆነች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አገሮች እንዲህ ያለውን ውጤት በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲሰበስቡ ሥርዓት ዘርግቷል። በአገራችን ይህን ሥራ የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ይሁንና ካልቸር የሚሠራው በአብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎችና በክልል ላቦራቶሪዎች ነው። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዘው በግምት ነው፤ ግምቱ ትክክል የሚሆነው ደግሞ የአካባቢው ጀርም ምን እንደለመደ ሲያውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለካልቸር ላቦራቶሪ የሚወጣ ገንዘብ፣ ካልቸር ለማያገኘው ለገጠሩ በሽተኛም የሚወጣ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። አብዛኛው ውኃማ ተቅማጥ የሚፈልገው ፈሳሽና ኦ.አር.ኤስ፣ ለሕፃናት ደግሞ ዚንክ ነው። ደም ካለው፣ ብርቱ ትኩሳት ከያዘን ወይም ውኃው በብዛት ከወረደ ወደ ሐኪም እንሂድ። መድኃኒት ቤት ደርሶ «ሲፕሮ ስጠኝ» ማለትን እንተው። ካልቸር ከታዘዘልን ኩባያውን ሳናፍር እናድርስ፤ የታዘዘልንን እየወሰድን ውጤቱን ጥቂት ቀናት እንጠብቅ። ውጤቱ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ለእኛ ሕክምና ይሆናል፤ መዝገብ ላይ ሲገባ ደግሞ በሚመጣው ክረምት በዚያው ቀበሌ ለሚታመም፣ ስሙን ለማናውቀው ልጅ ሐኪሙ ትክክለኛውን ሽሮፕ እንዲመርጥ ይረዳዋል።