የአንጋፋዎቹ ባንዶች ጥላ በአዲስ አበባ መድረክ

በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ወጣት ድምፃዊ የራሱን ሥራ ሲጫወት ታዳሚው ተቀምጦ ያደምጣል፤ የጥላሁን ገሠሠ ወይም የማሕሙድ አሕመድ ዜማ ሲጀመር ግን ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። ብዙዎች ይህን የትዝታ ፍቅር ነው ይላሉ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሙዚቀኛን የሚያፈራው ቤት መፍረሱ ነው እላለሁ።

አንጋፋዎቹን ያፈሩት ተቋማት ናቸው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ሀገር ፍቅርና የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለሙዚቀኛው ደመወዝ፣ መሣሪያና መለማመጃ ነበራቸው። እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ አቀናባሪዎችም ኖታ ያስተምሩ ነበር።

ቀጥሎ የሆቴሎቹ ዘመን መጣ። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ለዓመታት ቋሚ መድረክ ነበረው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ታዳሚው እስኪነጋ ከሆቴሉ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። እንዲህ ያለ ሌሊት ጣትን ያፍታታል፤ የታዳሚን ስሜት መከተልም ያስተምራል። አይቤክስ የተባለው ባንድም ኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ በካሴቱ ዘመን እጅግ ብዙ ድምፃውያንን አጀበ። ድምፃዊው ቢለዋወጥም አጃቢው ያው ነበርና የአድማጩ ጆሮ የተቃኘው በዚሁ ባንድ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክበቦች ቢበዙም ባንዱ ሳሳ። አንድ ሰው በኪቦርድ ድራሙን፣ ቤዙንና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ሲሸፍን ባለቤቱ ለስምንት ሰው መክፈሉን ተወ። ሳክስፎንና ትራምፔት የያዘ ወጣት የሚሠራበት አጣ።

የውጭው ገበያም ለአንጋፋዎቹ አደላ። የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች የቀደመውን ዘመን ለዓለም አስተዋወቁ። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ አልበሙ እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ክብሩ ይገባዋል። የውጭ መድረኮች ግብዣ ግን ወጣቶቹን እምብዛም አልደረሰም።

ተሰጥኦ አልጠፋም፤ ጃኖና መሐሪ ብራዘርስ የተባሉት ባንዶች ምስክር ናቸው። የጎደለው ቋሚ መድረክ ነው። የጃዝ ክበቡ ጃዝአምባ በጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ቤቱን አጣ፤ የካዛንቺሱ የሙዚቃ ቤት ፈንድቃ በመልሶ ልማት ፈረሰ። አንጋፋዎቹም መድረኩን እየለቀቁ ነው፤ ማሕሙድ በ2017 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ ተሰናብቷል። ሆቴሎችና ክበቦች አንድን ወጣት ባንድ ዓመቱን ሙሉ ቀጥረው የራሱን ሥራ እንዲጫወት ካልፈቀዱ ነገ የምናጨበጭብለት አንጋፋ አይኖረንም።