ለጠበቃ የነገሩት ሁሉ ምስጢር ነው?

በላስታ ሰው ገበናውን የሚያወጣው ለንስሐ አባቱ፣ ለሚያክመው ባለሙያና ነገር ሲገባ ለጠበቃው ነው። ሕጉም ሦስቱን አንድ ላይ አስሯቸዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሃይማኖት አባትን፣ ጠበቃንና ነርስን አብሮ ጠርቶ፣ በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡ፣ ባለጉዳዩ አቤት ሲል እንደሚቀጡ ይደነግጋል። ጡረታ መውጣትም አያስጥልም፤ ስለዚህ እዚህ የማንንም ታካሚ ታሪክ አላነሳም።

ብዙ ወላጅ ግን ለጠበቃ የተነገረ ሁሉ መቃብር የገባ ይመስለዋል።

አንድ አባት የ15 ዓመት ልጁን ድሮ ተከሰሰ እንበል። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ላሊበላ ወርዶ ለጠበቃው «ዕድሜዋን አውቅ ነበር» ቢለው፣ ያ ምስጢር ነው። ጠበቃው ለዐቃቤ ሕግ አሳልፎ አይሰጠውም። እንዲያ ባይሆን ማን እውነቱን ተናግሮ ይሟገታል?

ያው አባት ከሠርጉ በፊት መጥቶ «18 ሞላት የሚል ወረቀት እንዴት ላውጣ?» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ ምን እንደሚል መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሐሰት ማስረጃ ማሰናዳት ግን ወንጀል ነው። እያወቀ በምክር የረዳ ጠበቃም በአንቀጽ 37 አብሮ ይጠየቃል። ለጤና ባለሙያም ያው ነው፤ «ልጄ፣ ሦስት ዓመት ቢጨመርላት ምን ይላል?» የምትል አያት ክፋት አስባ ላይሆን ይችላል፤ የምትጠይቀው ግን ሰው የሚያሳስር ነገር ነው። ያለዕድሜዋ ያገባ ራሱ፣ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

እንግሊዞች ይህን ድንበር ያሰመሩት እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ሁለት ሸሪኮች ንብረት በፍርድ እንዳይያዝ ጠበቃ አማክረው፣ ሽርክናው ቀድሞ እንደፈረሰ የሚያስመስል የቀኑ ሐሰት የሆነ ጽሑፍ አዘጋጁ። ጠበቃው መሰከረባቸው። ዳኞቹም ወንጀል ለመሥራት የተጠየቀ ምክር ከመነሻው የምስጢር ጥበቃ የለውም አሉ። በእኛም አገር አንቀጽ 400 በባለቤቱ ፈቃድ፣ በፍርድ ቤት ግልጽ ውሳኔ ወይም ሕግ ሲያስገድድ ምስጢር እንዲወጣ ይፈቅዳል።

ለአገራችን ሽማግሌ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የንስሐ አባት የተሠራውን ኃጢአት ይሰማል እንጂ ለነገው ፈቃድ አይሰጥም።

ጠበቃ ዘንድ የሚሄድ ሰው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ይንገር። ብቻ ጎረቤት አስከትሎ አይግባ፤ ጎረቤትን አንቀጽ 399 አያስረውም።